ሆን ብዬ ነው

ባለፈው አንድ ዓመት ከአፌ አብዝቶ የወጣው ውሸት «ሆን ብዬ ነው» የሚለው ነው። የፎቶው ጥግ ጥጉ ጠቆረ? ሆን ብዬ ነው። ዲያቆኑ ደረቱ ላይ ጀልባ በቀለበት? ሆን ብዬ ነው። የደብረ ማርያም ደሴት ወገቧ ላይ ተቆርጣ ቀረች? እሱንማ በጣም ሆን ብዬ ነው። ሌላ ሙያ ላይ ያለ ሰው እንዲህ ብሎ አያመልጥም። ግንበኛ ግድግዳው ጠሞበት «ሆን ብዬ ነው» ቢል ሒሳቡን አያገኝም። እኔ ግን በዚህች ቃል ባሕር ዳር ላይ ተከብሬ ከርሜባታለሁ፤ ምክንያቱም አንገቴ ላይ ሆልጋ አንጠልጥያለሁ።

ሆልጋን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ልንገር። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሆንግ ኮንግ ውስጥ ሊ ቲንግ ሞ የተባለ ሰው የነደፈው ካሜራ ነው። ሰውየው ጥበብ ምናምን አላሰበም፤ ለቻይና ተራ ቤተሰብ የሚሆን ርካሽ ካሜራ መሥራት ነበር የፈለገው። አካሉ ፕላስቲክ ነው፤ ማዞሪያው ፕላስቲክ ነው፤ ሌንሱ ሳይቀር ፕላስቲክ ነው። ባትሪ አይፈልግም። የመዝጊያው ፍጥነት አንድ ብቻ ነው፤ የሰከንድ አንድ መቶኛ ገደማ። የሚጎርሰው ደግሞ ሰፊውን 120 ፊልም ነው፤ በአንድ ጥቅል 12 አራት ማዕዘን ፎቶ ይወጣዋል። ቻይናዎቹ ብዙም ሳይቆዩ ወደ ትንሹ 35 ሚሊ ሜትር ፊልም ዞሩና ሆልጋ ፈላጊ አጣ። ያኔ ነው አውሮፓና አሜሪካ ያሉ ጥበበኞች ያነሱት። ብርሃን ያሾልካል፤ ጥጉን ያጠቁራል፤ ጠርዙን ያደበዝዛል። እነሱም የወደዱለት ይህንኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ማምረቻው ቆመ ሲባል ያለቀሱለት አልታጡም፤ ከሁለት ዓመት በኋላ እንደገና መመረት ጀመረ።

እኔ እጅ የገባው ከአሮጌዎቹ ነው። የእህቴ ልጅ ጀርመን ይኖራል። ለፋሲካ ሊመጣ ሲል ደውሎ «አጎቴ፣ ስልክህ አርጅቷል፤ ካሜራው ደህና የሆነ ስልክ ልግዛልህ?» አለኝ። የተባረከ ልጅ ነው። እኔ ግን በዚያ ሰሞን ስለ ፊልም ፎቶግራፍ ትንሽ ነገር አንብቤ ልቤ አብጦ ነበርና «ስልክ ነፍስ የለውም» አልኩት። ይህንን ያልኩት በስልክ ነው። ልጁ ትንሽ ዝም ብሎ «እሺ፣ ነፍስ ያለው ነገር እፈልጋለሁ» አለና ከአሮጌ ዕቃ ገበያ ሆልጋ ገዝቶ ከጥቂት ጥቅል ፊልም ጋር ይዞልኝ መጣ። እህቴ ካሜራውን አልጋው ላይ ስታየው «ይሄ ለልጆቹ ነው?» ብላ ጠየቀች። ከዚያ ወዲህ ብዙ ባለሙያ አስተያየት ሰጥቶኛል፤ የእሷን ያህል የደረሰበት የለም።

እውነቱን ልናገርና፣ ነፍስ ፍለጋም አልነበረም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጣና ዳር የወጣ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ሙሽሮች ከነሚዜዎቻቸው ዛፉ ሥር ይሰለፋሉ። ጋወን የለበሱ ተመራቂዎች ኮፍያቸውን ወደ ላይ ይወረውራሉ፤ ካልተያዘላቸው ደግመው ይወረውራሉ። ዓሣ አጥማጆቹ ዘንድ ትራፊ የሚጠብቁት ፔሊካኖች እንኳ ከልምድ ብዛት ለካሜራ አንገታቸውን የሚያስተካክሉ ይመስለኛል። ስልክ ያልዘረጋ እጅ የለም። በዚያ ሁሉ ሰው መሃል እኔ የተለየሁ ሆኜ መታየት አማረኝ። ስልክ የማይዘረጋ፣ ዓይኑን ጠበብ አድርጎ ውሃውን የሚያይ፣ አንዴ ብቻ ቀጭ አድርጎ የሚሄድ ሰው። ተሳካልኝም። «ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?» ብለው የሚጠይቁ ወጣቶች መጡ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ፊልም ነው» እላቸዋለሁ። ከዚያ በላይ አልጨምርም፤ ከዚያ በላይ አላውቅምና።

የመጀመሪያውን ጥቅል ይዤ የሄድኩት ጢስ ዓባይ ነው። ከከተማ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ውሃው ወደ ኃይል ማመንጫው ስለሚዞር ፏፏቴው በበጋ ይቀጥናል፤ ክረምቱ ሲወጣ ግን ለስሙ የሚመጥን ጢስ ያወጣል። እኔም አስቤበት በመስከረም ሄድኩ። ጭቃውን ረግጬ፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራውን የአላታ ድልድይ ተሻግሬ ወጣሁ። ድልድዩን አነሳሁ፤ ፏፏቴውን አነሳሁ፤ አደይ አበባ ከፊት አድርጌ ተንበርክኬ አነሳሁ። አብሮኝ የወጣው አስጎብኚ ልጅ ጥቂት ሲያየኝ ቆይቶ «ጋሼ፣ ክዳኑን አላነሱትም እኮ» አለኝ።

ሆልጋ ላይ ዓይን የሚያይበት ቀዳዳና ፎቶው የሚገባበት ሌንስ አይተዋወቁም። ቀዳዳው ወለል አድርጎ ፏፏቴውን ያሳይሃል፤ ሌንሱ በክዳኑ ተሸፍኖ ተኝቷል። ካሜራው አይጮህ፣ አያስጠነቅቅ። ይህንን ያኔ አላውቅም ነበር። አለማወቁስ ባልከፋ፤ ያስከፋው መልሴ ነው። ልጁን ከላይ እስከ ታች አየሁትና «ይሄ ካሜራ እንደዚህ ነው የሚሠራው» አልኩት። ልጁ «እሺ ጋሼ» አለ፤ የጨዋ ልጅ ነው። ነገሬን ላለማጠፍ ስል ቀሪውን ፊልም በሙሉ ከነክዳኑ ጨረስኩት። የጢስ ዓባይ ፊልሜ ዛሬም አለኝ፤ ከዳር እስከ ዳር ንጹሕ ነው፣ አንድ ነጥብ የለበትም።

ቪየና ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1992 የተመሠረተ የሎሞግራፊ ማኅበር አለ። በሌኒንግራድ የተሠራች አንዲት ትንሽ የሶቪየት ካሜራ ወደው የተሰባሰቡ ወጣቶች ያቋቋሙት ነው። ማኅበሩ አሥር ደንቦች አሉት፤ ከእነሱ አንዱ «አታስብ» ይላል። ይህንን ደንብ ለማክበር እኔን የሚያህል አልተፈጠረም። የሆልጋ ሌንስ ዙሪያው ላይ ትንንሽ ሥዕሎች አሉት፤ አንድ ሰው፣ ትንሽ ቤተሰብ፣ ብዙ ሕዝብ፣ ተራራ። የምታነሳው ነገር ምን ያህል ይርቃል የሚለውን ለመንገር ነው፤ አንድ ሰው ማለት አንድ ሜትር ገደማ፣ ተራራ ማለት ከአሥር ሜትር ወዲያ። እኔ የቆምኩበት ቦታ መሰለኝ። ስለዚህ ሐይቁ ዳር ተራራ የለም ብዬ ያንን ሥዕል ረሳሁት፤ ማዶ ዘጌን ሳነሳ በ«ቤተሰብ» አነሳሁት። ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ስወጣ ደግሞ በኩራት ወደ ተራራው አዞርኩና፣ የአፄ ኃይለ ሥላሴን ቤተ መንግሥት ከኋላ አድርጌ ጓደኛዬን አንድ ሜትር ላይ አቁሜ አነሳሁት። ቤተ መንግሥቱ አጥሩ ሳይቀር ይቆጠራል። ጓደኛዬ ግን ማን እንደሆነ ሚስቱም አልለየችው።

ሌላም ዘንግ አለው፤ በአንድ በኩል ፀሐይ፣ በሌላ በኩል ደመና ተሥሎበታል። በዚህ ዘንግ የተጨነቅሁትን ያህል በልጆቼ ትምህርት አልተጨነቅሁም። ቀዳዳው ላይ ዓይኔን ሳልጥል በፊት ወደ ሰማይ አያለሁ፤ ደመና መጣ፣ ወደ ደመና፤ ደመናው ሄደ፣ ወደ ፀሐይ። ጎኔ የቆመ ሰው ካለ እያብራራሁለት ነው ይህን የማደርገው። በኋላ ሳነብ፣ እንደ እኔው ባሉ አሮጌ ሆልጋዎች ዘንጉ ወዲህ ተገፋ ወዲያ ተገፋ የሚገባው ብርሃን ያው ነው። ውስጥ ያለችው ቀለበት ቀዳዳዋ ሲሠራ ሰፍቶ ነው። ለካ ሰማዩን በከንቱ ነው ያደከምኩት።

ብርሃኑ ራሱ ግን ቀልድ አያውቅም። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነች፤ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ አናት ላይ ትቆማለች፤ የውሃው ነጸብራቅ ይጨመርበታል። የድሮ ፎቶ አንሺዎች ደንብ፣ በጠራራ ፀሐይ የሌንሱን ቀዳዳ 16 ላይ አድርገህ ፍጥነቱን ከፊልሙ ቁጥር ጋር አስተካክል ይላል። ፊልሜ 400 ነው፤ ካሜራዬ ግን ከመቶኛ ሰከንድ በላይ መፍጠን አያውቅም፤ ስለዚህ ከሚገባው ከአራት እጥፍ በላይ ብርሃን ይጠጣል። ደግነቱ የነጋቲቭ ፊልም ሲበዛበት ይታገሣል፤ ሲያንሰው ነው የማይታገሠው። የሚሠራው እንግዲህ በጥጋቡ ሰዓት ነው። እኔ ግን ባለ ነፍስ ነኝና የምወጣው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ያ ሁሉ የምሽት ጣና፣ ያ ወርቃማ ውሃ፣ ከሆልጋዬ ሲወጣ አንዲት ነጭ ነጥብና ዙሪያዋን ጥቁር ነው። ጉማሬ አነሳሁ ብዬም ነበር፤ ሰፊ ሌንስ ስለሆነ ጉማሬዋ የታሰበችበትን ቦታ በጣቴ ማሳየት ነበረብኝ።

ከሁሉም ያስከበረኝ ደግሞ መርሳቴ ነው። ሆልጋ ላይ ፊልሙን ወደሚቀጥለው ማዞርና መተኮስ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ ሳታዞር ብትተኩስ የሚከለክልህ የለም፤ ሁለቱም ፎቶ አንድ ላይ ይታተማሉ። ዘጌ፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረት በር ላይ የቆመ ዲያቆን ፈቅዶልኝ አነሳሁት። አመስግኜ ወረድኩ፤ ማዞሩን ረሳሁ። ወደቡ ላይ የቆመውን ጀልባ አነሳሁ። ፊልሙ ሲታጠብ ከዲያቆኑ ደረት ላይ ጀልባው ወጥቶ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ጓደኞቼ ሲያዩት ዝም አሉ። አንዱ፣ መምህር ነው፣ ኖኅን ጠቀሰ። ሌላው ስለ ነፍስ ጉዞ ተናገረ። እኔ ምን አልኩ? እጄን አገጬ ላይ አድርጌ «እናንተ ካያችሁት ይበቃል» አልኩ። ይህን ያህል ርቀት ሄጃለሁ።

የሚያሳፍረኝ ነገር አለ። ዴቪድ በርኔት የተባለ አሜሪካዊ ፎቶ ጋዜጠኛ እ.ኤ.አ. በ2000 የምርጫ ዘመቻ አል ጎርን በሆልጋ አንስቶ በዋይት ሐውስ ፎቶ ጋዜጠኞች ማኅበር ውድድር ተሸልሟል። ይህንን ታሪክ ለማን ያልነገርኩት አለ? በፎቶዬ የሳቀ ሰው ሁሉ በርኔትን ሰምቷል። አንድ ቀን እህቴ ሰማችና «እሱም ይቺኑ ነበር የያዘው?» አለች። ይቺኑ፣ አልኳት። «ታዲያ የእሱ ለምን ታየ?» አለች። ለእሷ አልመለስኩላትም፤ እዚህም አልመልስም።

የጥበቃውን ነገር ሳልናገር አላልፍም፤ በስሙ ብዙ አውርቻለሁና። ፎቶ ማንሳት የማይፈቀድበት አንድ ቦታ አለፍ ብዬ ፔሊካኖች ሳነሳ አንድ ጥበቃ መጣ።

«ምንድን ነው የያዝከው?»

«ካሜራ ነው፣ ወንድሜ።»

ተቀብሎ አገላበጠው። «መጫወቻ ነው እንዴ?»

አዎ ብል እዚያው ያለቀ ጉዳይ ነበር። ክብሬ አልፈቀደም። «መጫወቻ አይደለም፤ ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ነው» አልኩት። ባለሙያ የሚለውን ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ።

«እንግዲያው ያነሳኸውን አሳየኝ።»

«አይታይም። ፊልም ነው፤ ሲታጠብ ነው የሚታየው።»

«የት ነው የሚታጠበው?»

«ቤቴ፤ ሽንት ቤት ውስጥ።»

«እያሾፍክብኝ ነው?»

እያሾፍኩ እንዳልሆነ ለማስረዳት ፈለግሁና፣ ማንም ሳያዘኝ፣ በጠራራ ፀሐይ የካሜራውን ጀርባ ከፍቼ «ይኸው፣ እይ» አልኩት። ጎንበስ ብሎ አየ። የተጠቀለለ ወረቀትና ፊልም እንጂ ምን ይታያል? «ምንም የለም» አለ። ትክክል ነበር፤ በዚያች ደቂቃ ምንም አልቀረም። የሳምንታት ሥራዬ ተቃጠለ። ሰውየው ካሜራውን በአክብሮት መልሶልኝ «በል፣ ወደዚያ ራቅ ብለህ ተጫወት» አለኝ። እኔ ግን ለወዳጅ ዘመድ ሁሉ «ጥበቃ ፊልሜን አበላሸብኝ» ብዬ አወራሁ፤ አዘኑልኝ፤ ሻይ የጋበዘኝም አለ። ጥበቃው ግን ጣቱን አላነሳብኝም።

ወደ ማጠቡ ልምጣ። በከተማችን በማውቃቸው ፎቶ ቤቶች ዞርኩ፤ ጉርድ ፎቶ በአምስት ደቂቃ ያወጣሉ፣ ፊልም ግን ማንም አያጥብም። በመጨረሻ በፊልሙ ዘመን ፎቶ ቤት የነበራቸው አንድ አዛውንት ዘንድ ሰዎች ላኩኝ። «ሃይፖ አለዎት?» ብዬ ስጠይቃቸው ትንሽ ሳቁና ከአልጋቸው ሥር ካርቶን ጎተቱ፤ ማጠቢያ ጣሳ፣ ፊልም መጠምጠሚያ፣ በላስቲክ የታሰረ ሃይፖ፣ ምስሉን ፊልሙ ላይ የሚያጸናው ኬሚካል። ካሜራዬን አዩት፣ ምንም አላሉም። ይልቅ ምክር ሰጡኝ። «ልጄ፣ ማጠቢያው 20 ዲግሪ ነው የሚፈልገው። የእኛ አገር ውሃ ከዚያ ይሞቃል። ወይ አቀዝቅዘው፣ ወይ ደቂቃውን ቀንስ። ፊልሙን ጣሳው ውስጥ ስታስገባ ጨለማው ጨለማ ይሁን፤ ጣትህ የሚታይህ ከሆነ ጨለማ አይደለም።» እኔ እያዳመጥኩ ሳይሆን ስለ እሳቸው ምን እንደምጽፍ እያሰብኩ ነበር።

ጣት የማይታይበት ጨለማ ሽንት ቤታችን ውስጥ ማምጣት ቀላል አልሆነም። የበሩን ሥር በጋቢ ደፈንኩ፤ ነጭ ጋቢ ብርሃን እንደሚያሳልፍ ያን ቀን አወቅሁ። ፊልሙን መጠምጠሚያው ላይ ማስገባትም ሌላ ጣጣ ነው፤ በዳበሳ ጫፏን ፈልገህ፣ እንዳትታጠፍ እየለመንክ። አንድ ምሽት ግን እግዜር ፈረደልኝ፤ መብራት ጠፋ። ሰፈሩ በሙሉ «ኤጭ!» ሲል እኔ ደስ ብሎኝ ፊልሜን ይዤ ገባሁ። ጨለማው ራሱ ጨለማ ነው። ላስቲኩን ቀደድኩ፤ ወረቀቱን አላቀቅሁ፤ ጫፏን አገኘኋት፤ እየዞረች ስትገባልኝ «አሁን ገና ተማርክ» አልኩ ለራሴ። መብራት መጣ። ማብሪያውን አላጠፋሁትም ነበር። በር ላይ የቆሙት ልጆቼ «መብራት መጣ! መብራት መጣ!» እያሉ ሲጨፍሩ፣ እኔ ውስጥ ሆኜ እጄ ላይ ያለውን ፊልም ቁልጭ አድርጌ አየሁት።

ቡናውም አለ። እ.ኤ.አ. በ1995 አሜሪካ፣ ሮቸስተር የቴክኖሎጂ ተቋም ውስጥ ስኮት ዊሊያምስ የተባሉ መምህርና ተማሪዎቻቸው ፊልም በቡና መታጠብ እንደሚችል አሳይተዋል፤ የሚሟሟ ቡና ከማጠቢያ ሶዳ ጋር። በኋላ ሌሎች ቫይታሚን ሲ ጨመሩበትና ተሻሻለ። ይህንን ሳነብ ብድግ ብዬ ቆምኩ። ቡና! እኛ አገር! ለዚያውም ማዶ የዘጌ ቡና ጫካ እያለ! ርእሱ ሳይቀር መጣልኝ፤ የዘጌን ገዳማት በዘጌ ቡና ማጠብ። ባለቤቴ ለበዓል ያስቀመጠችውን የዘጌ ቡና አውጥቼ ቆላሁ፣ ወቀጥኩ፣ በጀበና አፈላሁ። ቤኪንግ ሶዳ መጥበሻ ላይ አምሼ ማጠቢያ ሶዳ አደረግሁት። ሽታው ተቀላቅሎ ሲነሳ ባለቤቴ ከሳሎን መጣች። ጀበናውን አየች፤ ጣሳውን አየች፤ «ለእንግዳ ነው ብዬ ያስቀመጥኩትን ለፊልም?» አለች። ሌላም አለች፤ እሱ እዚህ አይጻፍም።

ፊልሙ ግራጫ ሆኖ ወጣ፤ ካላወቅህ ታጥቧልም አትልም። ምክንያቱን በኋላ ደረስኩበት። ሥራውን የሚሠራው ካፌይኑ አይደለም፤ ቡናው ውስጥ ያሉት እነ ክሎሮጄኒክና ካፌይክ አሲድ ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ከእኛው አረቢካ ይልቅ ሮቡስታ ውስጥ ይበዛሉ። ለፊልም የሚሆነው ሱቅ የተደረደረው፣ ሮቡስታ የበዛበት፣ ቀምሰን ፊታችንን የምናጨማድድበት ርካሽ የሚሟሟ ቡና ነው። የዘጌው ቡና ሰው እንዲጠጣው ነበር የተፈጠረው። ሁለተኛውን ሙከራ በሚሟሟው አደረግሁ፤ ፋርማሲ ሄጄ የገዛሁት ቫይታሚን ሲ ውሃ ውስጥ የሚፈላው፣ ብርቱካን የሚሸተው ሆነና ከሶዳው ጋር ተጣልቶ ጣሳው ክዳኑን ወረወረው። ግድግዳው ላይ ያለው ምልክት አሁንም አለ፤ ቀለም እስኪቀባ እየተጠበቀ ነው።

ነጭ ለሆኑት ፎቶዎቼ ግን ጥሩ ጠበቃ አገኘሁ። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ግጥም ትቶ ሐረር ሲነግድ ከሊዮን ካሜራ አስመጥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1883 ራሱን በራሱ አንስቶ፣ አንዱን ቡና ተክል መሃል ቆሞ፣ ለቤተሰቦቹ ላከ፤ ፎቶዎቹ የነጡት በመጥፎ የማጠቢያ ውሃ ነው ብሎም ጻፈላቸው። ከዚያ ወዲያ እኔም «ውሃው ነው» ማለት ጀመርኩ። ራምቦ የሐረርን ውሃ ቢያማ ይፈረድለታል። እኔ ግን ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ውሃ ፊት ተቀምጬ ነው የማማው፤ ያውም ያጠብኩት በቧንቧ ውሃ ነው፤ ያውም ሃይፖውን በደንብ ሳላለቀልቅ፣ ኳስ ሊጀምር ነው ብዬ።

አሁን ወደ ዕዳዬ ልምጣ። ከዘጌ በኩል በታንኳ እንጨት የሚያመጡ አንድ አዛውንት አሉ። ታንኳዋን ራሳቸው ናቸው የሚሠሯት፤ ደንገሉን አጭደው፣ አድርቀው፣ አስረው። ጥቂት ወራት ውሃ ላይ ሠርታ ትርሳለች፤ ከዚያ ሌላ ይሠራሉ። ዳር ላይ አቁመዋት ውሃው ሲንጠባጠብ አገኘኋቸውና «አያ፣ ፎቶ ላንሳዎት?» አልኳቸው። ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ መቅዘፊያውን እንደ ዘንግ ያዙ፤ ፊታቸውን ኮስተር አደረጉ። አነሳሁ። «መቼ ትሰጠኛለህ?» አሉኝ። «ሲታጠብ» አልኳቸው።

ከዚያ ወዲህ ባገኙኝ ቁጥር ይጠይቁኛል፤ እኔም «እየታጠበ ነው» እላለሁ። መንገድ ቀይሬ መሄድም ጀምሬ ነበር። አንድ ቀን ገበያ ላይ እጄን ያዙና «ቆይ፣ ምን ያህል ቢቆሽሽ ነው እስካሁን የሚታጠበው?» አሉ። በዙሪያችን የነበረው ሰው ሳቀ። ያን ሳምንት ፊልሙን ወደ አዲስ አበባ ልኬ በሰው እጅ አሳጠብኩት፤ አሳተምኩት፤ ወሰድኩላቸው።

ፎቶው ላይ ታንኳዋ አለች፤ የደንገሉ ቋጠሮ አንድ በአንድ ይቆጠራል። መቅዘፊያው አለ፤ ነጠላው አለ፤ እጃቸው፣ ከነተሰነጠቀው አውራ ጣት። ከአንገት በላይ ግን የለም። ሆልጋ ላይ የምታይበት ቀዳዳ ከሌንሱ በላይ ነው ያለው፤ ቀረብ ብለህ ስታነሳ ቀዳዳው ራስ ያሳይሃል፣ ሌንሱ ራሱን ትቶ ወደ ታች ያያል። ጥቂት ቀና ማድረግ ነበረብኝ። አዛውንቱ ፎቶውን ቀረብ አድርገው፣ ራቅ አድርገው አዩት።

«ታንኳዋ ናት» አሉ። «እጁም የኔ ነው። ፊቴን የት አደረስከው?»

አፌ ላይ የመጣውን ቃል አንባቢ ያውቀዋል። እሳቸው ግን እየጠበቁኝ ነበር፤ ከልባቸው ነው የጠየቁት። «ታንኳዋማ እስካሁን በስብሳ ሌላ ሠርቻለሁ» አሉ ቀጥለው። «ለልጆቼ ልሰጥ ያሰብኩት እኔን ነበር።» ስልኬን ከኪሴ አወጣሁ። ዳር ላይ አቁሜ፣ መቅዘፊያቸውን አስይዤ፣ ከእግር እስከ ራስ አነሳኋቸው፤ ወዲያው አሳየኋቸው፤ «አሁን ነኝ» አሉ። ፎቶ ቤት ገብተን ቡና ሳንጨርስ ታትሞ ወጣ። የዚያን ዕለት ዋጋውን እሳቸው ልክፈል ብለው ተጣሉኝ።

ስልኩ ያን ሁሉ ጊዜ ኪሴ ውስጥ ነበር። ይህ ነው እንግዲህ እስካሁን ለማንም ያልተናገርኩት። አንድ ወዳጄ ካፌው ግድግዳ ላይ የሆልጋ ፎቶዎቼን ሰቅሎልኛል። ዲያቆኑ ከነጀልባው አለ፤ የጣና ምሽት ከነነጥቧ አለ። ሰው ሁሉ ቆሞ የሚያየው ግን በስተግራ ያለውን ነው፤ ጭጋግ ውስጥ የሚቀዝፍ ታንኳኛ፣ ጥግ ጥጉ የጠቆረ፣ በአንድ በኩል ቀይ ብርሃን የሾለከበት። ስለ እሱ ብዙ ተብሏል። እሱን ያነሳሁት በስልክ ነው። ጥቁሩን ጥግ የጨመረው መተግበሪያ ነው፤ የሾለከውም ብርሃን ከመተግበሪያው ዝርዝር ሦስተኛው ነው፤ ሁለተኛው ቢጫ ነበር፣ አልወደድኩትም።

ባለፈው እሑድ ከዩኒቨርሲቲው የመጣ አንድ ልጅ እዚያ ፎቶ ፊት ለረጅም ጊዜ ቆመና ወደኔ ዞሮ «ጋሼ፣ ይሄ መቼም በስልክ አይመጣም» አለኝ። «አይመጣም» አልኩት። ሆልጋ ካናዳ ካለ ወንድሙ አስልኳል፤ ፊልም አገባቡን ላሳየው ለቅዳሜ ተቀጣጥረናል። የጀርባው ክዳን እየተከፈተ ስለሚያስቸግር ጥቁር ናስትሮ ይዞ እንዲመጣ ነግሬዋለሁ።